ሬኮማንዴ የተባሉበት ምክንያት

«ጋሽ እምሩን ግን ሁላችንም የምናውቃቸው ሬኮማንዴ በሚለው ስማቸው ነው» አለ አርአያ፤ የእድሩን ድምፅ ማጉያ ከአፉ ፈቀቅ አደረገና ለቀስተኛውን በዓይኑ ቃኘ። እዚህ ላይ ትንፋሽ መውሰድ እንዳለበት ትናንት መስታወት ፊት ቆሞ ተለማምዶበታል።

የጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ በሰው ተሞልቷል። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ በየኮንዶሚኒየሙ የተበተነው የሰባ ደረጃ ሰው ታክሲ እየቀያየረ መጥቷል። የሬሳ ሣጥኑ ጥላ ተይዞለት ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጧል። የሟች ባለቤት ወይዘሮ አዳነች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በልጃቸው በማክዳ ትከሻ ላይ ተደግፈዋል።

«ሬኮማንዴ የፈረንሳይ ቃል ነው» ብሎ ቀጠለ። «አደራ መስጠት ከሚል ግሥ የመጣ ነው። ሬኮማንዴ የሚባለው ደብዳቤ እንደ ተራው ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ ተወርውሮ አይቀርም። ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይመዘገባል፤ ባለቤቱ ቀርቦ ካልፈረመ በቀር ለማንም አይሰጥም። በእኛ ቋንቋ የአደራ ደብዳቤ መባሉ ለዚህ ነው። ታዲያ ጋሽ እምሩ ገና ወጣት ልብስ ሰፊ ሳሉ አንድ የፖስታ ቤት ኃላፊ ካፖርት አዘዟቸው፤ ለገና ዋዜማ። ዝናብ እየዘነበ፣ ካፖርቱን በላስቲክ ጠቅልለው በተባለው ቀን ቢሮ ድረስ ይዘው ሲገቡ፣ ኃላፊው ከወንበራቸው ብድግ ብለው ‹አንተማ ሬኮማንዴ ነህ! አደራ አትበላም!› አሏቸው። ስሙ በዚያው ጸና።»

«እውነት ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። «አደራ አይበላም ነበር!»

ማክዳ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አርአያ ደረቱ ሞቀ። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ጋር ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርግ የሚቸግረው ልጅ፣ ዛሬ ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ቃል አስለቀሰ።

ስለ ፈረንሳዩ ቃልና ስለ ደብዳቤው ያለው ከስልኩ ያገኘው ነው፤ ትክክልም ነው። ካፖርቱን፣ ኃላፊውንና ዝናቡን ግን በሚሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ከራሱ ነው ያመጣቸው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ግደይ የሕይወት ታሪኩን እንዲጽፍ ሲያዙት «ሬኮማንዴ የተባሉት ለምንድን ነው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። «እሱን እለፈው፤ የድሮ ነገር ነው» ነበር መልሳቸው። አርአያ ማለፍ አልሆነለትም። አንድን ቃል ከየት እንደመጣ ሳያውቅ መተው ጫማው ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይቆረቁረዋል። ፖስታና ባንኮኒ ከጣሊያን፣ ቴምብር ከፈረንሳይ መምጣታቸውን ማንም ሳይጠይቀው የሚናገር ሰው ነው። ባዶውን ቦታ ባዶ መተው አስጠላውና ሞላው።

ወረቀቱን አጥፎ ሲመለስ ነው ከሴቶቹ መካከል አንዲት አሮጊት ተነሥተው ሲሄዱ ያየው። እትዬ እንቁ ናቸው፤ ከቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቱ። ሣጥኑ ገና አልወረደም፤ አፈር ገና አልተመለሰም፤ እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተው በጥዶቹ ሥር ወደ በሩ እየሄዱ ነው። ቀብር ላይ እንዲህ አይደረግም። ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። አርአያ አየ፤ ሐዘን ነው ብሎ አለፈው።

ድንኳኑ የተተከለው ከመፍረስ በተረፈችው በእነ አርአያ ግቢ ነው። ንፍሮው ሲዞር ሰው ሁሉ አርአያን እየጠራ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ዓይነት ምላስ የት ደብቀህ ነው?» ይሉታል። ጋሽ ግደይ ብቻ ናቸው ያላመሰገኑት። «ጥሩ ታነባለህ» ብለው ወደ ንፍሯቸው ተመለሱ።

ማክዳ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ባንክ ነው የምትሠራው፤ ከዚህ በፊት ሰላምታዋ ከአንገት አልፎ አያውቅም። ዛሬ ክንዱን ያዘችው።

«የአባቴን ስም ትርጉም እኔ ልጁ ሳላውቀው! ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ መሰለህ? ‹ሥራ ፈት ያወጣው ነው› ይለኝ ነበር። ትሕትናው ነው። ለአርባው ሐውልቱ ይቆማል፤ እዚያ ላይ አስጽፈዋለሁ። ‹እምሩ ሬኮማንዴ፤ አደራ የማይበላ።› ያምራል?»

«ያምራል» አለ አርአያ።

በማግስቱ እትዬ እንቁን ሊጠይቃቸው ገባ። አሟቸው መስሎታል። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ትናንት አሞዎት ነው እንዴ? ፀሐዩ ነው?»

«ፀሐዩስ ደህና ነበር» አሉ፤ ከትሪው ቀና አላሉም። «ያን ካፖርት ማን ለብሶት አየህ?»

«የቱን ካፖርት?»

«የኃላፊውን።»

አርአያ ጆሮው ድረስ ጋለ። «ሰምቼ ነው።»

«ከማን?»

«ኢንተርኔት ላይ… እንዲህ ስለ ቃሉ ሳነብ…»

«ኢንተርኔት ያን ጊዜ እዚህ ግቢ አልነበረም» አሉ እትዬ እንቁ። «እኔ ነበርኩ። እምሩ ባሌ ነበር፤ ታውቃለህ?»

አያውቅም። ተወልዶ ባደገበት ግቢ፣ ከግድግዳው ማዶ የሚያስሉትን ሳል እየሰማ አድጎ፣ ይህን የነገረው የለም።

«ሦስት ዓመት ኖርን» አሉ። «ከዚያ የፋሲካ ስፌት በዛብኝ አለና ሱቁ ማደር ጀመረ። ሱቁ ከግቢው በር ማዶ ነው፤ የስፌት መኪናው ድምፅ አልጋዬ ድረስ ይሰማኛል። ‹ይሠራል የኔ ጌታ› እያልኩ እተኛለሁ። ፋሲካ አለፈ። ዳግማዊ ትንሣኤም አለፈ። እኔ አምስት ኪሎ አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነበርኩ። አንድ ቀን ተላላኪው ምሳ ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ‹እንቁ! ሬኮማንዴ መጥቶልሻል! ዋናው ፖስታ ቤት ወርደሽ ፈርመሽ ውሰጂ!› አለኝ። ለእኔ! ተራ ደብዳቤ እንኳ መጥቶልኝ የማያውቀው ሴትዮ። እልልታው ቀለጠ። አንዷ ‹ሀብታም ዘመድ ሞቶ አውርሶሽ ነው› ትላለች፣ አንዷ ‹እኛን እንዳትረሺ› ትላለች። የክት ልብሴን ለበስኩ፤ እሱ የሰፋልኝን። ሦስት ሆነን በቴዎድሮስ አደባባይ አድርገን እየተሳሳቅን ወረድን።»

አንድ ጠጠር ከምስሩ አውጥተው መሬት ጣሉ።

«ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈረምኩ፤ ያን ጊዜ ፊደል የለኝም። ደረጃው ላይ ተቀመጥንና ጓደኛዬ ታነብልኝ ጀመር። ‹ለወይዘሮ እንቁ› ስትል ሁላችንም ሳቅን። ወይዘሮ! ከዚያ ዝም አለች። ‹አንብቢ እንጂ፣ ምን ይጎትትሻል!› አልኳት። ‹ከዛሬ ጀምሮ ባልሽ አለመሆኔን እንድታውቂው› ይላል። ሌላ ብዙም የለውም።»

«ከበሩ ማዶ ሆነው?» አለ አርአያ።

«ከበሩ ማዶ። ቢጣራ እሰማዋለሁ። በሬኮማንዴ የላከው ደግሞ ኋላ ‹አልደረሰኝም› እንዳልል ነው። ፈርሜ እንድቀበል። የመፈረሙን ነገርስ ትናንት ደህና አድርገህ ተናግረሃል።»

አርአያ የሚያይበት አጣ። እሳቸው ቀጠሉ።

«ሰፈሩ ሲሰማ ሱቁ ደጃፍ ላይ ‹ሬኮማንዴ!› እያለ ይሰድበው ጀመር። ስድብ ነበር። ፊት ለፊት ተናግሮ መለየት ያቃተው፣ ለጎረቤቱ በፖስታ የሚልክ ወንድ ማለት ነው። ከዚያ አዳነችን አገባ፤ ወለደ፤ ሸበተ። ስድቡም አብሮት ሸበተና እናንተ ተወልዳችሁ ‹ጋሽ› ጨመራችሁበት።»

ያን ጊዜ ነው አርአያ ልጅነቱ ትዝ ያለው። በዚህችው በር አንገቱን አስግጎ «እትዬ እንቁ! ጋሽ ሬኮማንዴ ደህና ዋሉ ወይ ብለዋል!» እያለ የሚጮኸው ጩኸት። እትዬ እንቁ «ይመስገን በለው» ይሉ ነበር። ሁልጊዜ። አንድ ቀን እንኳ «እንዲህ ብለህ አትጥራው» አላሉትም።

«መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ከቀበሌው ቀድሜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ጓደኛዬ ደብዳቤውን አሳስታ አንብባልኝ ይሆናል የሚል ነገር ነበረብኝ። ፊደል ቆጥሬ ራሴ አነበብኩት። አላሳሳተችም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ትናንት በድምፅ ማጉያ ሲወርድ የዋለው አማርኛ አንዲት ቃል አላስተረፈለትም። በምትኩ ያመለጠው ሌላ ነው።

«ማክዳ ሐውልቱ ላይ ልታስጽፈው ነው።»

የእትዬ እንቁ እጅ ትሪው ላይ ቆመ።

«ድንጋይ ላይ?»

«አደራ የማይበላ፣ ብላ።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። «እናቴ የተቀበረችው ከሱ ጉድጓድ ከፍ ብሎ ነው። ወደሷ ስሄድ በሱ ራስጌ ነው የማልፈው። ያን ጊዜ ፊደል ባልቆጥር ይሻለኝ ኖሯል።» ከዚያ ቆጣ ብለው ቀና አሉ። «ይኼን ለዚያች ልጅ ትነግራትና ታያለህ! ምን አጠፋች? አባቷን ነው የቀበረችው። ያንተ አፍ ደግሞ ክዳን የለውም።»

«አልናገርም።»

«በል ሂድ፤ ወጥ ልሥራበት።»

ከዚያ በኋላ አርአያ ከግቢው ሲወጣ በእትዬ እንቁ በር በኩል ማለፍ ትቶ በጓሮ መዞር ጀመረ። የመብራት ሒሳባቸውን የሚከፍልላቸው እሱ ነበር። ያንን እንኳ ጋሽ ግደይ መክፈላቸውን ሲሰማ ማፈሩ ጨመረ፤ እትዬ እንቁን ለመካስ የቀረችው አንዲት ነገር በገዛ ፍርሃቱ አመለጠችው። ማታ ሲተኛ ከግድግዳው ማዶ ሳላቸውን ይሰማል። ግድግዳውን አንኳኩቶ አንድ ነገር ማለት ያምረዋል። ብርድ ልብሱን ራሱ ላይ ይከናነባል።

ሥራ ቦታም አልተዉትም። አንድ ሰውዬ ገብተው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ያን የሬኮማንዴን የጻፍከው አንተ ነህ? ለኔም አባት እንዲያ አድርገህ ትጽፍልኛለህ?»

«ነፍስ ይማር፤ መቼ ነው ያረፉት?»

«ኧረ ገና ናቸው! ቀድሜ ልያዝህ ብዬ እንጂ።»

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ዑዘይር ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ያ ጀማዓ! ዘንድሮ ይኼ ልጅ በሬሳ ሊከብር ነው! አርአያ፣ ለኔም አንድ ስም ፈልግልኝ፤ የፈረንሳይ ይሁን ብቻ።»

ለወትሮው ቢሆን አርአያ አንድ ቃል አያጣለትም። ያን ቀን ቀለም ያለቀ አስመስሎ ማሽኑ ውስጥ ጭንቅላቱን ደበቀ።

አርባው ሲቃረብ ማክዳ ደወለች።

«ነገ ጧት ከጊዮርጊስ ጀርባ ሐውልት ሠሪው ጋ እንገናኝ። ጽሑፉን በእርሳስ ነድፎታል። ፊደሉን ያንተ ዓይን ይይልኝ፤ አንድ ሆሄ ተሳስቶ ድንጋይ ላይ እንዳይቀር።»

ሌሊቱን ያሰበው ቀላል ነገር ነበር። ፊደሉን ያያል፤ «ትክክል ነው» ይላል፤ ይመለሳል። የተናገረውን ቀድሞ ተናግሮታል፤ ድንጋዩ የሚጨምረው ምንድን ነው? እትዬ እንቁም ለማክዳ አትንገራት ብለውታል። ዝም ማለት ቃልን መጠበቅ ነው እያለ ራሱን ሲያባብል አደረ።

ሐውልት ሠሪው ነጭ አቧራ የጠጣ ቱታ የለበሰ፣ ሲናገር ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ነው። እብነ በረዱ ሁለት ግንድ ላይ ተጋድሟል። መስቀሉ ተፈልፍሏል። ከመስቀሉ ሥር ያለው ግን ገና እርሳስ ነው፤ የተሳሳተውን የሚያጠፋበት እርጥብ ጨርቅ ከሰውዬው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሏል። ወይዘሮ አዳነች ጥቁር ለብሰው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ማክዳ አጠገባቸው ቆማለች።

አርአያ ጎንበስ አለ። «እምሩ ሬኮማንዴ፤ አደራ የማይበላ።» ፊደሉ ውብ ነው። አንድም አልተሳሳተም። ጋሽ እምሩ በሕይወት ሳሉ በዚህ ስም ሲጠሩ ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር ብልጭ ብሎ ይጠፋ እንደነበር አሁን ገና ተገለጠለት። እሱ ፈገግታ ይመስለው ነበር።

«እ?» አለች ማክዳ።

«ፊደሉስ ደህና ነው።»

«በቃ ጀምር» አለችው ሐውልት ሠሪውን። ሰውዬው መሮውን አነሣ።

«ቆይ» አለ አርአያ። «ካፖርቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«የሕይወት ታሪኩ ላይ ያነበብኩትን። ኃላፊ የሚባል አልነበረም። ካፖርትም አልነበረም። ከራሴ ነው የጻፍኩት።»

ማክዳ ወደሱ ዞረች። «የአባቴ ሬሳ ላይ ቆመህ ነው የዋሸኸው?»

«አዎ።»

«ያ ሁሉ ሰው ፊት? እኔ ቢሮ ሄጄ ለሰው ሁሉ አውርቼዋለሁ እኮ! ለአለቃዬ ሳይቀር! ሼም የለህም አንተ ሰው?»

«ይቅርታ።»

«ይቅርታ ይላል ደግሞ!»

«እንግዲህ ተማከሩና ንገሩኝ» አለ ሐውልት ሠሪው መሮውን ጭኑ ላይ አሳርፎ። «ከተፈለፈለ ወዲያ ላጲስ የለውም።»

ማክዳ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። የባንክ ሰው ናት፤ ከጠፋው ውስጥ የሚተርፈውን ቶሎ ፈለገች።

«እሺ፣ ካፖርቱ ገደል ይግባ። ትርጉሙ ግን እውነት ነው አይደል? አደራ ማለት ነው አይደል?»

«ቃሉማ ነው።»

«ታዲያ ይጻፋ! ስሙ የራሱ ነው፣ ትርጉሙም ትክክል ነው።»

አርአያ አንድ እርምጃ ወደ ድንጋዩ ቀርቦ ቆመ።

«ለምን እንደተባሉ ሳይታወቅ ባይጻፍ ይሻላል።»

«ቆይ፣ ለምንድን ነው የተባለው ታዲያ?» ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ አይደል?»

የወይዘሮ አዳነች ጣቶች የነጠላቸውን ጫፍ መፈተል ጀመሩ። ዓይናቸው ከልጃቸው ሸሽቶ አርአያ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ከማን ጋር ግድግዳ እንደሚጋራ ያስታወሱ ይመስል ፊታቸው ገረጣ። ከመጀመሪያው ያውቁ እንደነበር አርአያ አየ። እሱ ማወቁንም እሳቸው አዩ። የዚያን ቀን መቃብሩ ዳር ያን ካፖርት ሲሰሙ ዕድሜ ልክ የተሸከሙት ሸክም ከጀርባቸው ወርዶላቸው እንደነበር፣ አሁን ደግሞ እሱ መልሶ እያሸከማቸው መሆኑ ገባው።

«እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር የሚጠራው» አሉ ቀስ ብለው። «አልጠየቅኩም።»

ማክዳ ወደ አርአያ ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንተስ? አንተ እኮ የሰፈሩ መዝገበ ቃላት ነህ! ኬክ ቤት ገብተህ የማኪያቶን ዘር ማንዘር ካልቆጠርክ የማትጠጣ ሰው ነህ! ለምን ሬኮማንዴ ተባለ? ንገረኛ!»

ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። አንዴ ቢናገረው ውሸታምነቱ ይቀልለታል፤ ከሱ የባሰ የሚያፍር ሌላ ሰው ይገኛል።

«አላውቅም» አለ አርአያ፤ እርጥቡን ጨርቅ እንዲያቀብለውም ለሐውልት ሠሪው እጁን ዘረጋ።